የኩልመስኳ ሰርካለም እና የሳይቤሪያው ባቡር

ላሊበላ ውስጥ ላም ሆዷ ሲነፋ፣ በቅሎ ሲያነክስ፣ በግ መኖ አልቀምስ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሰርካለም ቤት ነው። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ጎረቤቶቿ ግን «መንግሥት አሰናበታት እንጂ ከብቱ መቼ አሰናበታት!» ይላሉ። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። በሬው ለታመመበት ገበሬ እንኳ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ይህን ስጠው፣ ይህን ከልክለው፣ ነገ መጥቼ አየዋለሁ። የባቡር ነገር ከተነሣ ግን ያቺ ቁጥብ ሴት ሌላ ሰው ትሆናለች።

ባቡር በማያልፍበት አገር ባቡር የሚናፍቃት ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አንድ ጊዜ ከብልባላ ለገበያ የመጡ ሽማግሌ ቤቷ ተቀምጠው ሳለ «አራት ቀን ሙሉ በባቡር ሄድን» ብትላቸው፣ ሽማግሌው ግራ ተጋብተው «በወፍጮው ነው የምትይኝ?» አሏት። እህል የሚፈጨውን ሞተር ባቡር ሲሉት የኖሩ ሰው ናቸው። ሰርካለም እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ደገፍ ብለው እንዲቀመጡ አድርጋ ከመነሻው ጀምራ ነገረቻቸው።

መነሻው ኩልመስክ ነው። አባቷ አቶ አዳም በግዳን ደጋ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ ሸጌ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የማይለዩ፣ በተለይ በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ ቀርተው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ሰርካለም ኩልመስክ ተምራ፣ ወልድያ ወርዳ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት መካከል ስሟ ወጣ። እናቷ ወደ መኪናው ሲሸኟት ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እዚያም ማርያም አለች።»

በሞስኮ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ሁለት ወሎዬዎች አገኘች። አንደኛዋ ብርቅዬ የምትባል የሰቆጣ ልጅ ናት፤ ተጫዋች፣ ያገኘችውን የምትበላ፣ ከሁሉም በፊት ሩስኛ የቀናት። ሁለተኛው ሙሐዲን ነው። የሐይቅ ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ቁጣ የማያውቅ። ሦስቱ አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ በረዶው ሲጠና አንዱ የሌላውን ካፖርት ይለብሳል። ሌሎቹ ተማሪዎች «ሦስት ጉልቻ» አሏቸው፤ በዚያው ጸና።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ ሰርካለም ሞስኮ ነበረች። የላስታን ወሬ የምትሰማው በሬዲዮና በሰው በሰው ነው። አንድ ቀን ከአገር ቤት የመጣ የኩልመስክ ሰው ማደሪያው ድረስ ፈልጎ አገኛትና እናቷና ታናሽ ወንድሟ በዚያ ክረምት እንዳረፉ ነገራት። ከተቀበሩ ወራት አልፎ ነበር። ሙሐዲንና ብርቅዬ ለቅሶ ተቀመጡላት፤ ሙሐዲን መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣ የመጣውን አበሻ ሁሉ እየተቀበለ፣ እንደ ወንድም ሆነላት። ከዚያ በኋላ ሰርካለም ለትምህርቱም ለጨዋታውም ቀዘቀዘች።

በማግሥቱ ዓመት፣ በሰባ ስምንት ክረምት፣ ትምህርት ቤቱ ሦስቱንም ለተግባር ልምምድ ኢርኩትስክ አጠገብ ወዳለ የላም እርባታ መደባቸው። ኢርኩትስክ ያለችው ሳይቤሪያ ውስጥ፣ ከሞስኮ በባቡር አራት ቀን በሚፈጅ ርቀት ነው። ብርቅዬ በደስታ ዘለለች። ሰርካለም ግን የጉዞውን ቀን ስታሰላ ፍልሰታ ላይ መሆኑን አየች።

«ዘንድሮ እጾማለሁ» አለች።

«ባቡር ላይ?» አለች ብርቅዬ። «ምን ልትበዪ ነው? ሰዎቹኮ ጎመኑንም በቅቤ ነው የሚሠሩት!»

«እናቴ ፍልሰታን ፈታ አታውቅም። እኔ ሁለት ዓመት ፈትቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

ሙሐዲን በዚህ ጊዜ ሻንጣውን እያሰረ ነበር። ቀና ሳይል «እኔም ሥጋቸውን አልበላም። ሁለታችን አንድ ማዕድ ነን፤ አብሽሪ» አላት።

ባቡሩ ሰማያዊ መጋረጃ ያንጠለጠለ፣ ፉርጎው በክፍል ያልተከፋፈለ፣ አልጋው ላይና ታች የተደራረበ ነበር። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ውኃ ቀኑን ሙሉ የሚፈላበት ትልቅ ማሞቂያ አለ፤ ሻይ የፈለገ ብርጭቆውን ይዞ ይሄዳል። የፉርጎዋ ኃላፊ ናዴዥዳ የምትባል፣ ፊቷ የማይፈታ ወፍራም ሴት ነበረች። አንሶላ ስታድል ሰውን አታይም፤ አንሶላውን ነው የምታየው። ተሳፋሪው ግን ገና ከሞስኮ ሳይርቅ ጫማውን አውልቆ፣ የቤት ልብሱን ለብሶ፣ ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጎረቤት ሆነ። ዶሮው፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ ሾርባው፣ ቋሊማው ይቀርባል። «ብሉ፣ ብሉ» የማይል የለም። ሰርካለም ዛሬ ስታወራው «ፈረንጅ ይሉሃል! ወሎዬ ናቸው እንጂ!» ትላለች።

ከእነሱ ፊት ለፊት ታይሲያ የሚባሉ፣ ራሳቸውን በሻሽ ያሰሩ አሮጊት ተቀምጠዋል። ወደ ልጃቸው ወደ ኦምስክ ይሄዳሉ። እንቁላል ልጠው ለሰርካለም ሲሰጧት እጅ ነሥታ መለሰችላቸው። ያፈረች መሰላቸው።

«አትፈሪ ልጄ፣ ለሁላችን ይበቃል» አሏት።

ብርቅዬ ጣልቃ ገብታ «ጾም ናት» ለማለት ፈለገችና በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ እንዲህ ያለው ነገር ጮክ ተብሎ እንደማይነገር ትዝ ሲላት ተወችው። ሰርካለም ግን የአንገቷን ማተብ በጣቷ ሳብ አድርጋ አሳየቻቸው። አሮጊቷ አዩት። ግራና ቀኝ ገላመጡ። ከዚያ የሸሚዛቸውን አንገትጌ ከፈት አድርገው በቀጭን ክር የታሰረች ትንሽ መስቀል ብልጭ አደረጉና መልሰው ሸፈኗት።

«የእመቤታችን ጾም?» አሉ በሹክሹክታ።

«አዎ፤ የእመቤታችን።»

«የእኔም ነው። እንቁላሉ ለሰው ያመጣሁት ነው።»

እናም እማማ ታይሲያ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ዘንቢል አወጡ። ጥቁር ዳቦ፣ በጨው ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ኪያር፣ የሱፍ ፍሬ፣ ከጫካ የተለቀመ ቀይ እንጆሪ። ከኡራል ተራራ ወዲህ እስከ ኦምስክ ድረስ ሁለቱ ጿሚዎችና ሙሐዲን ከአንድ ዘንቢል በሉ። አሮጊቷ በጦርነቱ ዘመን እንዴት እንደተራቡ፣ ከእህቶቻቸው ማን እንደተረፈች ነገሯት። ሰርካለምም ለማንም ተናግራ የማታውቀውን የእናቷን ነገር ነገረቻቸው። ሩስኛዋ ሲያጥራት በአማርኛ ቀጠለች። አሮጊቷ አልገባኝም አላሉም፤ እጇን ይዘው አዳመጧት። ሰርካለም ካረዷት ቀን ወዲህ የደነደነ ነገር ከውስጧ የለቀቀው በዚያ መስኮት አጠገብ ነው ትላለች። ውጭውን ግንዱ ነጭ የሆነ ዛፍ ያለማቋረጥ ያልፋል። ሜዳ፣ ደን፣ ወንዝ፣ እንደገና ሜዳ ነው። በላስታ ዓይን አንድ ገደል ሳያይ ሁለት ቀን የሚሄድ አገር ማለት እንግዳ ነገር ነው። «እግዜር ይህን ሁሉ ሜዳ እዚህ አፍስሶ ነው ለእኛ ተራራ የተረፈን» አለች፤ ሙሐዲን ከላይኛው አልጋ ሆኖ ሳቀ።

ኦምስክ ላይ እማማ ታይሲያ ስመዋት ወረዱ። ዘንቢሉ ተከትሎ ሄደ፤ የተዉላት ዳቦም በማግሥቱ አለቀ። በባቡሩ ምግብ ቤት ቢጠየቅ ያለው ሥጋ ብቻ ነው። ከኖቮሲቢርስክ ካለፉ በኋላ ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። ሴቶች ባልዲና ሳፋ ይዘው መድረኩ ላይ ተሰልፈዋል፤ ድንች ቀቅለው፣ በዘይትና በቅጠል ለውሰው ይሸጣሉ። ሽታው በመስኮት ገባ።

ሙሐዲን ከአልጋው ዘሎ ወረደ። በካናቴራና በነጠላ ጫማ ነው።

«የት ነው?» አለችው ሰርካለም።

«ካርቶሽካ ላመጣልሽ።»

«ተው፣ ይነሣል!»

«ወላሂ አሁን እመለሳለሁ!»

ወረደ። ቅርብ ያሉት ሴቶች ሸጠው ጨርሰው ነበርና ወደ መድረኩ ዳር ሄደ። ብርቅዬና ሰርካለም በመስኮት ያዩታል፤ ረዥሙ ጥቁር ልጅ በሴቶቹ መሐል ጎንበስ ብሎ ይነጋገራል፤ ሴቶቹም እያዩት ይስቃሉ። በዚያ መንደር አፍሪካዊ ታይቶ አያውቅም መሰል፣ አንዷ ካልመረቅሁህ፣ ሌላዋ ይህንን ካልጨመርሁልህ ትለዋለች። ባቡሩ ያለ ፊሽካ፣ ያለ ደወል፣ እንደ እባብ ተሳበ። ሰርካለም መስኮቱን ደበደበች። ሙሐዲን ዞር ሲል ፉርጎዎቹ ሲያልፉት አየ፤ ሮጠ፤ አንደኛው ነጠላ ጫማ ከእግሩ ወጣ፤ ሙሐዲን ቀረ።

ብርቅዬ ጮኸች። ያቺ ፊቷ የማይፈታ ናዴዥዳ መጥታ ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም። «ሰነዱስ?» አለች። ፓስፖርቱ ሻንጣው ውስጥ ነው። ጃኬቱም እዚያው ነው። እየሮጠች ወደ ባቡሩ አለቃ ሄደች፤ ስትመለስ ወደ ኋላ ስልክ እንደተደወለና በሚከተለው ባቡር እንደሚጭኑት ነገረቻቸው። «እናንተ ቀጥሉ፤ ኢርኩትስክ ያገኛችኋል» አለች።

ሰርካለም አሻፈረኝ አለች። «ሦስት ሆነን ወጥተን ሁለት ሆነን አንገባም። ደግሞ የወረደው ለእኔ ጾም ብሎ ነው።»

ክራስኖያርስክ ላይ የሦስቱን ሻንጣ ተሸክመው ወረዱ። የውጭ አገር ሰው በዚያ ከተማ መውረድ ክልክል ነበር። የጣቢያው ፖሊስ ግራ ገብቶት በአንዲት ክፍል አስቀመጣቸውና ሻይ አቀረበላቸው። ናዴዥዳ ባቡሯ ሳይነሣ ወርዳ መጥታ «እነዚህ የእኔ ልጆች ናቸው፤ እንዳታስጨንቅብኝ» አለችው ለፖሊሱ። ቀዝቅዟል ብላም የራሷን ሻርፕ ለሰርካለም አለበሰቻት፤ መልሳም አልወሰደችውም።

በማግሥቱ ጠዋት የሚከተለው ባቡር ገባ። ሁለቱም መድረኩ ላይ ቆመው የሚወርደውን ሰው ሁሉ ይቆጥራሉ። በመጨረሻ ሙሐዲን ወረደ። ጥጥ የተሞላ የሠራተኛ ካፖርት ለብሷል፤ እግሩ ላይ የገበሬ ቦቲ አለ፤ ራሱ ላይ የሰው ባርኔጣ። በእጁ ክዳን ያለው ባልዲ ይዟል።

ብርቅዬ እያለቀሰች በጡጫ መታችው። እሱ ባልዲውን ለሰርካለም አቀበላት።

«ቀዝቅዟል እንጂ አልተነካም» አላት።

ያቺ ድንች የሸጠችለት ሴት ቤቷ ወስዳ አሳድራዋለች፤ ካፖርቱ የባሏ፣ ቦቲው የወንድሟ ነው። ገንዘቡንም አልቀበልም ብላለች። ሦስቱ ጣቢያው ውስጥ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ፖሊሱንም ጋብዘው፣ ያን ድንች በሉ። የፍልሰታ ጾም ማብቂያው ቀርቦ ነበር። ሰርካለም ከእናቷ ሞት ወዲህ የበላችው እህል የጣማት ያኔ ነው።

ከዚያ ኢርኩትስክ ደረሱ፤ ባይካል ሐይቅንም አዩ፤ ሙሐዲን «ሐይቅስ የእኛው» ብሎ ብርቅዬን አበሳጫት። ተመርቀው አገር ቤት ሲገቡ ብርቅዬ አዲስ አበባ ቀረች። ሰርካለም ላስታን መርጣ መጣች፤ ደሳለ የሚባል መምህር አግብታ ልጆች ወለደች፤ ባሏንም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀበረች። ሙሐዲን ወደ ምሥራቅ ተመደበ። መንግሥት ሲለወጥ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሰርካለም «ሞቷል» ለማለት አፏ አልደፈረም፤ በሕይወት አለ ለማለትም ተስፋ አልነበራትም።

ላሊበላም በእነዚህ ዓመታት ብዙ አየች። ጦርነት ገባ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ቱሪስቱ ቀረ፤ ስልክ ለወራት ጠፋ። አንድ ቀን ስልኩ ተመልሶ ሲሠራ መጀመሪያ የደወለችው ብርቅዬ ናት።

«ሰርኬ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማን ተነሣ በዪ! ሙሐዲን ከባሕር ማዶ ተመልሶ ሐይቅ ነው ያለው። ሴት ልጁን እዚህ ፋርማሲ ውስጥ አገኘኋት፤ ቁመቷን ሳይ ነው የጠረጠርሁት።»

ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል፣ ሙሐዲን በኩልመስክ በኩል በሚመጣው ሚኒባስ ላሊበላ ገባ። ሰርካለም መናኸሪያው ቆማ ጠበቀችው። ጢሙ በሂና ቀልቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲወርድ በር ይዞ ነው። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፍቶ ባያስለቅቃቸው ኖሮ ምን ያህል እንደሚቆሙ አይታወቅም።

«አገርሽን አየሁት፤ እውነትም ሜዳው ሳያልቅ አልቀረም» አላት።

ለምሳው አስቀድማ ተጨንቃ ነበር። የእሷን እርድ እንደማይበላ ታውቃለች፤ እሱም እንዳታፍር ብሎ ሊበላ ይችላል ብላ ፈራች። ስለዚህ ከሥጋ ርቃ ሽሮዋን በቅቤ አንተክትካ፣ እንቁላል ጠብሳ፣ አይብ አቀረበች። ሙሐዲን ማዕዱን አይቶ ገባው፤ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሳት።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ነአኩቶ ለአብ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። ሙሐዲን ከዋሻው በር ውጭ ጥላው ሥር ተቀመጠ፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ድምፁ እዚያ ድረስ ይሰማል። ሰርካለም ተሳልማ ስትወጣ አጠገቡ ተቀመጠች። የድሮውን ማንሣታቸው አልቀረም፤ ሲያነሡ ግን ተጣሉ።

«እንጉዳይ ነበርኮ» አለ ሙሐዲን።

«ምኑ?»

«ባልዲው ውስጥ የነበረው። በሽንኩርት የተጠበሰ እንጉዳይ።»

«አንተ ሰው! ድንች ነው! ሠላሳ ምናምን ዓመት ለላሊበላ ሰው ሁሉ ድንች ብዬ ተናግሬ!»

«የተሸከምሁት እኔ፣ የምታውቂው አንቺ?»

ብርቅዬን በስልክ አስገቡ። ብርቅዬ ሁለቱንም አዳምጣ «ሁለታችሁም ጃጅታችኋል፤ ኪያር ነበር። ፖሊሱ የጨው ውኃውን ጠጥቶ የለም እንዴ?» አለች። ሦስቱም ለየራሳቸው ማሉ፤ ማንም ማንንም ሳያሳምን ስልኩ ተዘጋ። ሰርካለም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር እሷም አልለየችውም።

በነጋታው ማለዳ ጎረቤቷ ጋሻዬ በሩን አንኳኳ።

«እትዬ ሰርካለም፣ እባክዎ ይድረሱልኝ! ላሜ ከሌሊት ጀምሮ ታምጣለች፤ አንድ እግር ብቻ ነው የሚታየው።»

ሙሐዲን ጉልበቱን ረስቶ ከእሷ ቀድሞ ተነሣ። ላሟ በረት ውስጥ ተጋድማለች። ሰርካለም እስከ ክንዷ ታጥባ፣ ሳሙናና ዘይት ተቀብታ፣ እጇን አስገባች። የጥጃው አንድ እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ሙሐዲን ገመዱን በወጣው እግር ላይ አስሮ ጠበቃት።

«ፓቲሆንኩ» አለችው፤ በሩስኛ ቀስ በል ማለት ነው። እንዴት እንደወጣት አላወቀችም።

«ፓኒያል» አለ እሱም፤ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ አማርኛ አልተሰማም። «ስቶይ» ትለዋለች፣ ይቆማል። የታጠፈውን እግር ኮቴውን በእፍኟ ሸፍና እያቃናች ታመጣለች። «ትያኒ!» ትላለች፣ ይስባል። «ይሾ! ይሾ!» ጨምር፣ ጨምር ነው። ላብ ከሁለቱም ግንባር ይወርዳል። የጋሻዬ ሚስት ሰብሌ ባሏን ጎሰም አድርጋ «ግእዝ ነው የሚነጋገሩት?» አለችው። ጋሻዬ በልጅነቱ ዜማ ቤት የቆየ ሰው ነው። ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠና «ግእዝስ አይደለም፤ ግን ላሟ የገባት ይመስላል» አላት።

ጥጃው ወጣ። ሴት ናት፤ ግንባሯ ቦቃ። መጀመሪያ አልተነፈሰችም። ሙሐዲን በኋላ እግሯ ብድግ አድርጎ ዘቀዘቃት፤ ሰርካለም አፍንጫዋን ጠርጋ ደረቷን በጭድ አሸቻት። ጥጃዋ አስነጠሰች። ሰብሌ እልል አለች። ሁለቱ ሐኪሞች በረቱ ውስጥ፣ እበቱ ላይ፣ ጎን ለጎን ቁጭ አሉ።

«ፈተናውን አለፍን?» አለ ሙሐዲን።

«አንተ ለጥቂት» አለችው።

በዚያው ቀን ሙሐዲን ወደ ሐይቅ መመለስ ነበረበት፤ ሚስቱ ታማለች፤ ብዙ ሊለያት አይፈልግም። መናኸሪያው ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመው ተጨዋወቱ። ሐራ አካባቢ ተዘርግቶ ባቡር ያላለፈበትን ሐዲድ በቅርቡ አልፎ ሲያየው ሣር በቅሎበት፣ ፍየል ሲግጥበት እንደነበር ነገራት።

«ያ ባቡር መንቀሳቀስ የጀመረ ዕለት ብርቅዬን ጠርተን እንሳፈራለን» አላት።

«እስከዚያ ዕድሜ ከሰጠን።»

«ኢንሻላህ በዪ።»

«ኢንሻላህ። አሁን ግን መኪናው ሳይነሣ ግባ። ለምንም ነገር ብለህ እንዳትወርድ!»

ሙሐዲን እየሳቀ ገባ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ይዞ እስኪሰወር ድረስ እጇን አነሣችለት። ከዚያ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ጥጃዋ እንገሩን መጥባት አለመጥባቷን ልታይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጋሻዬ በረት አቀናች።